የሮቢቱ ውጅግራ፦ ምን ያህል ይታደስ?

ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

በዚህ ማስታወሻ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው አዛውንት ጠመንጃቸውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው፣ የፖሊስ ምዝገባ ወረቀቱን በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ ዛሬ ጠዋት ከሮቢት ወደ ባሕር ዳሩ የሥራ ቤቴ መጡ። አብሯቸው የመጣው የልጅ ልጃቸው በከተማው ስልክ የሚጠግን ወጣት ነው፤ ገና ጋቢው ሳይፈታ «እንደ አዲስ ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። ጋሼ የጠየቁኝ ግን ሌላ ነበር፦ «ከእኔ በኋላ ይቆያል ወይ?» አሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች ወደ ተለያየ ሥራ የሚወስዱ ስለሆኑ፣ የትኛውን እንደምከተል እስክወስን ድረስ የሠራሁትንም ሳልሠራ የተውሁትንም እዚህ ለመመዝገብ አሰብሁ።

ጠመንጃው አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት ነው። ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ በአፍ ሲዞር የመጣ ነው። ፈረንሳዮች ሻስፖ የተባለውን የ1866 ጠመንጃቸውን በናስ ቀለህ ጥይት እንዲተኩስ አሻሽለው በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው ያስታጠቁት፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ግራም የሚበልጥ መሣሪያ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ለበል ወደተባለው አዲስ ጠመንጃ ሲሸጋገሩ እጅግ ብዙ ውጅግራ ሥራ ፈታ፤ ከዚያም ብዙው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ አገራችን ገብቶ ዓድዋ ላይ ከዘመቱት መሣሪያዎች አንዱ ሆነ።

ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ ለዓመታት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ጠመንጃ ጎርሶ የሚገኝበት ጊዜ አለና። መቀርቀሪያው ዝጎ አልከፈት ስላለ፣ አፈሙዙን ወደ ባዶው የጓሮ ግንብ አዙሬ ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ሰደድሁበት። ዘንጉ ሁለት ጣት ያህል እንደ ገባ ለስላሳ ነገር ላይ ቆመ። በሽቦ መንጠቆ ሳወጣው የተቋጠረ ጨርቅ ነው፤ ከጨርቁ በስተኋላ ደግሞ ተርብ የሠራችው የደረቀ የጭቃ ቤት ነበረ። ሁለቱ ሲወጡ ዘንጉ እስከ መቀርቀሪያው ፊት ዘለቀ፤ ከውጭ ለክቼ ሳስተያየው ጥይት የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አፈሙዙን አቧራ እንዳይገባው የወተፈው ሰው ደግ ማድረጉ ነበር፤ ጨርቁ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥበት እየያዘ፣ ጠመንጃው ከሁሉ በከፋ ሁኔታ የተበላው በዚያ ሁለት ጣት ቦታ ላይ ነው።

ሚያዝያ 21

መሣሪያውን ገና ሳልፈታ ሁለት ሕጎችን ማክበር ይኖርብኛል። አንደኛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ስለዚህ ጠመንጃው በእኔ ዘንድ ስንት ቀን እንደሚቆይና ለምን እንደሚቆይ ጋሼ ለመዘገባቸው ፖሊስ አስታወቁ። ሁለተኛው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሲሆን፣ በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይሠራ ይከለክላል። የእርሻ ቤት ጠመንጃ ሁሉ ቅርስ ነው ማለቴ አይደለም። ቢሆንም ከመንካት በፊት መጠየቅ ከነኩ በኋላ ከማስረዳት ይቀላልና ጠየቅን፤ እስኪመለስልንም ድረስ ፎቶ ከማንሣትና ከመለካት በቀር ምንም አልሠራሁም።

ግንቦት 6

ፈቃዱ ደርሷል። ዛሬ የጋሼ እኅት እማሆይ ጠመንጃውን ለማየት መጥተው ነበር፤ ለሥራው ትልቁን መረጃ ያገኘሁት ከእሳቸው ነው።

የጠመንጃው እንጨት በአንገቱ ላይ፣ ማለትም ሰደፉ ቀጥኖ እጅ በሚጨብጠው ቦታ፣ ተሰብሮ ነበር። ስብራቱን የያዘው አንድ ስንዝር ያህል የሚሆን ጠፍር ነው። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተጠምጥሞ፣ ሲደርቅ እየተኮማተረ እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት አጥብቆታል፤ ጫፉም በሁለት የናስ ምስማር ተይዟል። የልጅ ልጃቸው በስልኩ ላይ ከውጭ አገር ያወረዳቸውን ሥዕሎች አሳየኝ፤ በእነዚያ ላይ ያለው ውጅግራ ብረቱ እንደ መስተዋት ያበራል፣ የዋልነት እንጨቱም ቀይ ሆኖ ተወልውሏል። «ይህን ቆዳ አንሥተን በኮላ ብናጣብቀው እኮ እንደዚህ ይሆናል» አለ።

እማሆይ ሥዕሉን አዩና ጠፍሩን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። «ይህ ቦራ ነው» አሉ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ሳልረዳ ዝም ስል ቀጠሉ፦ «በሬያችን ቦራ ገደል የገባ ጊዜ አባታችን ሥጋውን ለጎረቤት አካፍሎ፣ ከቆዳው ቀዶ የጠመንጃውን አንገት አሰረበት። እኔ ገና አልተዳርሁም።»

ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔም በማስታወሻዬ ላይ «ጠፍሩ አይነካም» ብዬ ጻፍሁ፤ ይሁን እንጂ ያን የጻፍሁት በታሪኩ ተነክቼ እንጂ መርምሬ አልነበረምና በኋላ መመለስ ግድ ሆነብኝ።

ግንቦት 11

ሙሉ ብረቱ፣ ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ መቀርቀሪያው ቤት፣ በብርማ የአሉሚኒየም ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ በብዙ ቦታ እንደ ቡግንጅ አብጧል፤ እብጠቱን በጥፍር ሲነኩት ይፈርሳል፣ ከሥሩም የሚወጣው ደማቅ ቀይ ዱቄት ነው። ጠቆር ያለና ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ዝገት ብዙ ጊዜ የረጋ ነው፤ በጣት የሚነሣ ቀይ ዱቄት ግን ዝገቱ ዛሬም ሥራ ላይ መሆኑን ይናገራል። ቀለሙ እርጥበቱን አፍኖ ይዞለታል ማለት ነው።

ጥፋቴንም እዚህ ላይ ልጻፍ። ቀለሙ ምን ያህል እንደ ጠነከረ ለማየት ብዬ፣ በመቀርቀሪያው ቤት ግራ ጎን ላይ የሽቦ ቡርሽ ሁለት ጊዜ ሳብሁበት። ቀለሙ ተነሣ፤ ከእሱ ጋር ግን ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚያህል የብረቱ ቆዳ አብሮ ተፋቀ። ያ ቦታ የፋብሪካው ጽሑፍ የተቀረጸበት መሆኑን እያወቅሁ ነበር። «ሴንት ኤትየን» ከሚለው ቃል የመጀመሪያው ፊደል አሁን ከጓደኞቹ ይልቅ ሳስቶ ይታያል። ሠላሳ ዓመት ሞረድ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ማድረጉ ያሳፍራል። ለጋሼ ወዲያው ደውዬ ነገርኋቸው፤ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ሌላውን አታስቸኩለው» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የሽቦ ቡርሹን ከሥራ ቤቱ አውጥቼዋለሁ።

ግንቦት 13 እስከ 25

ዘዴውን ቀየርሁ። ከቀለም መሸጫ የገዛሁትን አሴቶን በጥጥ ነክሬ፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ አስቀምጬ እንዳይተን በፌስታል እሸፍነዋለሁ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ የለሰለሰውን ቀለም በወይራ ስንጥር እገፋለሁ። በቀን አንድ መዳፍ፣ ቢበዛ ሁለት። ከሥሩ የሚገኘውን ዝገት ቀጭን ዘይት ቀብቼ አሳድርና በጃንሆይ ዘመን አሥር ሳንቲም ጠርዝ እፍቀዋለሁ። 1936 የሚል የተጻፈበት ያ ሳንቲም ከብረቱ የለሰለሰ በመሆኑ ዝገቱን ሲያነሣ ብረቱን አይጭረውም። ቀዩ ዱቄት ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ጥቁር ግን እተወዋለሁ፤ እሱን ለማንሣት መሞከር ብረቱን ራሱን መሞረድ ይሆናል።

በኤሌክትሪክና በሶዳ ዝገት የማስለቀቁን ዘዴ ለምን እንደ ተውሁት ወጣቱ ጠይቆኝ ነበር። አንድ ልቅ ብረት ቢሆን ኖሮ ባሰብሁበት ነበር፤ እዚህ ግን ሞላዎች አሉ፣ ጠንካራ ሞላ ደግሞ በዚያ መንገድ ሃይድሮጅን ስለሚጠጣ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀንጠስ ሊል ይችላል።

ግንቦት 26

ዛሬ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ደረስሁ፤ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ያለበት ቦታ ነው። ወጣቱ ይህ ክፍል የተበላሸ መስሎት ምትኩን ከውጭ ለማስመጣት ዋጋ እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር፤ እውነትም ቀለሙ ተቆልሎበት ቅርጽ የሌለው ጉብታ ይመስል ነበር። አሴቶኑ ሲያለሰልሰውና ስንጥሩን ሳስኬድበት ከሥሩ የወጣው ብረት ሳይሆን ጥቁር የወየበ ብር ነው። በማጉያ መነጽር ስመለከተው በአንድ ጎኑ ላይ ረድፍ ረድፍ ያሉ ጥቃቅን መስመሮች አሉ፤ መስመሮቹም ላባ ናቸው።

የሳጥን እናት ከሆነችው ከባለቤቴ አንድ ጠገራ ብር ተውሼ አስተያየሁት። በማርትሬዛው ብር ጀርባ ላይ ያለው ባለ ሁለት ራስ ንስር የክንፉ ላባ ነው። 1780 የሚል ዓመት ያለበት ይህ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከሺህ 833 እጁም ጥሩ ብር ነው። አንድ ያገራችን አንጥረኛ የወደቀውን ማነጣጠሪያ ለመተካት ከእንዲህ ያለው ብር ላይ የጤፍ ቅጠል የምታህል ቁራጭ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በቦታዋ በይዷታል። የሞረደው ሁለቱን ጠርዝ ብቻ ነው፤ ጎኑን ስላልነካው ላባው ቀረ። ቁመቷም ከኋለኛው ማነጣጠሪያ ጋር ልክ ነው፤ አንጥረኛው ከማስረከቡ በፊት አነጣጥሮ አይቷል ማለት ነው።

ምትኩ እንዳይመጣ ነገርሁት። ወጣቱም በስልኩ ላባውን ፎቶ አንሥቶ ለብዙ ሰው ሲያሳይ ዋለ። ብሩን እንዳነጣው ጠይቆኝ አልተስማማሁም፤ ጥቁረቱ ብሩን አይበላውም፣ መወልወል ግን በየጊዜው ከላባው ላይ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል።

ሰኔ 2

ጋሼ መጥተው የተገፈፈውን ብረት አዩ። እኔም «ይህን ቀለም ማን ይሆን የቀባው፣ ጋሼ? መልካም አላደረገም» አልሁ። «እኔ ነኝ» አሉ።

የካቲት 23 ቀን 1988 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ የአያታቸውን ጠመንጃ ይዘው በሰልፍ ለመውጣት ፈልገው፣ ዝጎ ስላፈሩበት ከበር ቀለም የተረፈውን ቀቡት። ያን ቀን የተነሡት ፎቶም አላቸው፤ ጠመንጃው በትከሻቸው ላይ እንደ ብር ያበራል።

ይህ ነገር ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ጠፍሩን «ታሪክ ነው» ብዬ ካቆየሁ፣ ቀለሙስ ታሪክ አይደለምን? ጠፍሩ የአባት ሥራ ነው፣ ቀለሙ የልጅ ሥራ ነው፤ አንዱ ሽማግሌ ሌላው ጎረምሳ በመሆኑ ብቻ አንዱን አክብሬ ሌላውን ልጥል አልችልም። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር ለሐውልቶችና ለሕንፃዎች የተጻፈ ቢሆንም፣ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም እንዳለበት የሚናገረው ቃሉ ለዚህ ጠመንጃም ይሠራል፤ ነገር ግን ቀለሙን በሚመለከት ግምት የለም፣ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደ ቀባው ሁሉ ታውቋል። ስለዚህ ዕድሜም ሆነ ታሪክ መለኪያ ሊሆነኝ አልቻለም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ነገር ዛሬም ጠመንጃውን እየበላ ነው ወይ? ቀለሙ እየበላ ነው፤ ይነሣል። ብሩ አይበላም፤ ይቆያል። ነገር ግን በዚሁ መለኪያ ጠፍሩም መመርመር አለበት፤ በግንቦት 6 የጻፍሁት «አይነካም» የሚለው ቃል በዚህ ምክንያት ተሰረዘ።

ከቀለሙም ጥቂት አስቀርቻለሁ። የፊተኛው የብረት ቀለበት እንጨቱንና አፈሙዙን አንድ ላይ በሚያቅፍበት ቦታ ሥር፣ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ስፋት፣ ምንም እብጠት የሌለበትን ቀለም ዙሪያውን አጽድቼ ተውሁት። ጋሼ ቀለበቱ ሲወልቅ እንጂ እንደማይታይ ስነግራቸው «እኔ ያለበትን ካወቅሁ ይበቃል» አሉ።

ሰኔ 9

የጠፍሩ ምርመራ። ከሥሩ የሚያልፍ አንድ ትልቅ ብሎን አለ፤ ላዩ ዝጎ ከቆዳው ጠርዝ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ጥሏል። ከጠርዙ ሥር በቀጭን የቀርከሃ ስንጥርና በእጅ ባትሪ ስመለከት ሁለት ነገር አየሁ፦ ቆዳ የሚበላ ነቀዝ ጥሎት የሄደ ባዶ ልብስና፣ በብሎኑ ራስ ዙሪያ ቀይ ዱቄት። ነቀዙ ቆይቷል፤ ትኩስ ብናኝ የለም። ዝገቱ ግን ሥራ ላይ ነው።

ጠፍሩን ለመፍታት በውኃ ማራስ ያስፈልጋል፤ የራሰ ጠፍር ይለቃል፣ ሲመለስ ግን ያው አይሆንም፣ እንጨቱም በውስጥ በኩል ስንት ቦታ እንደ ተሰበረ አላውቅም። ጠፍሩን ከፈታሁ ስብራቱን ሌላ ነገር መያዝ ይኖርበታል፤ ያ ሌላ ነገር ደግሞ የእኔ ሥራ እንጂ የአባታቸው አይሆንም። ስለዚህ በመርፌ ጫፍ ትንሽ ዘይት ወደ ብሎኑ ራስ ብቻ ሰድጄ፣ ቀዩን ዱቄት በተጠቀለለ ጥጥ ለቅሜ፣ ቆዳው ዘይት እንዳይጠጣ ትርፉን አድርቄ ተውሁት። ይህ ፈውስ አይደለም፤ በየዓመቱ መደገም ያለበት ሥራ ነው።

ሰኔ 15

መቀርቀሪያው ተከፈተ፤ በላዩ ላይ ያለው ቁጥር ከአፈሙዙ ቁጥር ጋር አይገጥምም። አፈሙዙ 1878 የሚል ዓመት አለው፤ መቀርቀሪያው ከሌላ ውጅግራ የመጣ ነው። ጥይቱን ከኋላው የሚመታው መርፌ ጫፉ ተሰብሯል፤ ወጣቱ ለሠርግና ለለቅሶ አንድ ጊዜ እንኳ ቢተኮስ ብሎ ስለሚመኝ እንድቀጥለው ለመነኝ። አልቀጥለውም። ይህ ጠመንጃ የተሠራው 25 ግራም እርሳስ በጥቁር ባሩድ እንዲገፋ ሆኖ ነው፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ በጨርቁ የተበላ፣ አንገቱ በጠፍር የታሰረ፣ ዕድሜው ከ140 ዓመት ያለፈ መሣሪያ ሲፈነዳ ፊቱ የሚቃጠለው የተኳሹ ነው። ጋሼም «ከዓድዋ ወዲህ በቂ ጮኋል» አሉት። የተሰበረው መርፌ ከነስብራቱ ተጸድቶ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ሰኔ 20

እንጨቱ ላይ ብዙ አልሠራሁም። ለዓመታት ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ስለ ኖረ ጢስና የእጅ ቅባት ጥቁር ቡናማ ልብስ አልብሰውታል፤ ልብሱ ጠንካራ ነው፣ ነቀዝም አላስገባም። በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ከሥሩ ያ ቀይ ዋልነት እንደሚወጣ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የሚቀረን ፋብሪካ ውስጥ ጥቂት ወራት የቆየው እንጨት ነው፣ ሮቢት ላይ የኖረው አይደለም። ጥቀርሻውን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጠርጌ አበቃሁ። የተልባ ዘይት እንድቀባው የመከሩኝ ወዳጆች አሉ። የተልባ ዘይት ከደረቀ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ከዓመት ዓመትም እየጠቆረ ይሄዳል። (የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ሊያነሣ እንደሚችል ያላወቀ ሰው ካለ፣ ዘርግቶ ያድርቀው።)

ሰኔ 24

በብረቱ ላይ የሚቀባው ሰም ጉዳይ። የጎጃም ሰም ከቤታችን አይጠፋም፣ ሽታውም ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ የንብ ሰም በውስጡ ጥቂት አሲድ ስላለው ለብረት አልመረጥሁትም። ለብረቱ ከነዳጅ የሚገኘውን፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያዎች ያዘጋጁትን ረኔሳንስ ዋክስ የተባለውን ሰም ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ብረቱን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጌ በቀጭኑ ቀባሁት፣ በጥጥ ጨርቅም አሸሁት። አላበራም፤ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ለስለስ ብሏል። ወጣቱ ትንሽ ቅር ብሎት አየሁት።

ሐምሌ 3

ጠመንጃው ወደ ሮቢት ተመለሰ። የት እንደሚሰቀል ብዙ ተከራከርን። ብረት ደረቅ አየር ይፈልጋል፣ እንጨትና ቆዳ ደግሞ አብዝቶ ከደረቀባቸው ይሰነጠቃሉ፤ የእርጥበት መለኪያዬ በሥራ ቤቴ ውስጥ ዛሬ 79 ከመቶ ያነባል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ቤት ከዚህ አይሻልም። ጋሼ በቀድሞው ምስማር ላይ ካልሆነ አሉ። ከምድጃው በላይ ሳይሆን በዚያው ግድግዳ፣ ሁለት ክንድ ወደ ጎን፣ ግድግዳውን እንዳይነካ በሁለት የእንጨት ክንድ ላይ እንዲያርፍ ተስማማን። አፈሙዙም አይወተፍም።

ነሐሴ 18

ለቁጥጥር ሄድሁ። በኋለኛው ቀለበት ጠርዝ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አንዲት ቀይ ነጥብ አገኘሁ፤ አነሣኋትና ሰሙን ደገምሁ። ብሩ እንዳለ ነው።

አንገቱን ስጨብጠው ግን ደነገጥሁ፤ ጠፍሩ ላልቷል፣ እንጨቱም በእጄ ውስጥ ትንሽ ነቅነቅ አለ። የሰደድሁት ዘይት ቆዳውን አለስልሶት እንደ ሆነ ብዬ ጠርዙን ባሸትም የዘይት ምልክት አጣሁ። እማሆይ ጌሾ ከሚለቅሙበት ተነሥተው መጡ፣ እንደ በፊቱ በአውራ ጣታቸው ዳበሱትና ሳቁብኝ።

«ክረምት ክረምት ይላላል። ጥቅምት ሲገባ ራሱ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ና።»

የጠፍሩን ዙሪያ በክር ለክቼ፣ በክሩ ላይ ቋጠሮ አድርጌ ማስታወሻው ውስጥ አስቀመጥሁት። በጥቅምት በዚያው ክር እለካዋለሁ።